አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ነዳጅ አልደርሰው ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ኮምፒውተር የሌላቸውን፣ በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ ፒካፖች ይመለከታሉ። ምሳሌያችን በየገጠሩ አሁንም እህል፣ ሲሚንቶና ሰው የሚያመላልሰው የድሮው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው፤ ማለትም 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) ወይም 5ኤል (2,986 ሲሲ) ሞተር ያለው። ተመሳሳይ ፖምፓ ያላቸው ሌሎች የጃፓን ፒካፖችም የዕቃዎቹ ቦታ ትንሽ ይለያይ እንጂ አሠራራቸው አንድ ነው።

አስቀድመን እንናገረውና፣ ኮፈኑ ሳይከፈት «ፖምፓው ነው፣ ይውረድ» የሚባለው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ነው። ፖምፓ ማውረድ፣ ማስፈተሽና መልሶ መግጠም በዚህ መኪና ላይ ከሚወጡት ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ነው። ከእሱ በፊት መታየት ያለባቸው የጎማ ቱቦዎች፣ ፊልትሮ (የነዳጅ ማጣሪያ) እና የሰልባትዮ (የነዳጅ ታንክ) ክዳን ግን በግማሽ ቀን ታይተው ያልቃሉ።

ናፍጣው ከሰልባትዮ ተነስቶ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው እንዴት ነው?

በእነዚህ መኪኖች ሰልባትዮ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለም። ናፍጣውን የሚስበው ሞተሩ ላይ የታሰረው ኢንጀክሽን ፖምፓ ራሱ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ለዚሁ የተሠራ ትንሽ መሳቢያ አለው። ናፍጣው ከሰልባትዮው በሻሲው ጎን በብረት ቱቦ ይመጣል፣ በጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮው ይገባል፣ ከዚያ ወደ ፖምፓው ያልፋል። ፖምፓው በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ አራቱ ኖዝሎች (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጩት) ይገፋዋል። የተረፈው በመመለሻ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እስከ ፖምፓው ያለው መንገድ የሚሠራው በመሳብ ነው፤ ከፖምፓው ወዲያ ያለው ደግሞ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት። የግፊቱ ወገን ከተበሳ ናፍጣ ይረጫል፣ ሞተሩ ይረጥባል፣ ማንም ያየዋል። የመሳቢያው ወገን ሲበሳ ግን ጠብ የሚል ነገር ላይኖር ይችላል፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ይገባዋል። «ሁሉንም አየሁት፣ የሚያፈስ ነገር የለም» የሚለው መልስ ለዚህ ወገን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ከየት ልጀምር?

ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው)። አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ እርስዎ ከኋላ ቆመው ጭሱን ይዩ።

ሞተሪኖው እያዞረ ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ አልገባም። ነጭ፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ጭስ ከወጣ ግን ነዳጁ ደርሷል፤ ያልተቃጠለው በሌላ ምክንያት ነው፦ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ፣ የደከመ ባትሪ፣ የሞተሩ እመቃ ወይም የፖምፓው ታይሚንግ (ናፍጣ የሚረጭበት ቅጽበት)። ለዚህ ችግር የነዳጅ መስመሩን መፍታት ጊዜ ማባከን ነው።

ጭስ ከሌለ ቀጥሎ የሚታየው ናፍጣ የሚቆርጠው ሶሌኖይድ ነው። ፖምፓው ላይ፣ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት ቱቦዎች ከሚነሱበት አጠገብ፣ አንዲት ሽቦ የታሰረችበት ትንሽ ሲሊንደር አለ። ቁልፉን ሲከፍቱ «ጠቅ» ማለት አለበት። ካላለ በመሞከሪያ አምፖል ኤሌክትሪክ መምጣቱን ይዩ። ኤሌክትሪክ ካልመጣ ፊውዝ ተቃጥሏል ወይም ሽቦ ተቆርጧል። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገርም አለ፦ ብዙ ባለቤቶች ለሌባ ብለው በዚህ ሽቦ ላይ ስውር ማብሪያ ያስገባሉ። መኪናው ሁለትና ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ማብሪያው የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም፤ ሽቦው ላልቶ መኪናውን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ለጊዜው ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ሽቦ ቢሰጡት ሞተሩ ይነሳል። ያን ጊዜ ግን በቁልፍ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሽቦውን መንቀል ያስፈልጋል።

ሶሌኖይዱ ደህና ከሆነ እጅዎን ፊልትሮው አናት ላይ ወዳለው የእጅ ፖምፓ ያሳርፉ። ደጋግመው ሲጫኑት እየጠነከረ መሄድ አለበት። ምንም ቢጫኑት የማይጠነክር ከሆነ አየር እየገባ ነው ወይም ናፍጣ የለም። (የነዳጅ መለኪያው ቀስት ግማሽ ላይ ቆሟል ብለው አይመኑ፤ በዚህ ዕድሜ ያለ መለኪያ የሚዋሽበት ጊዜ ብዙ ነው። ረጅም ንጹሕ ሽቦ ሰልባትዮው ውስጥ ሰድዶ ማየት ይሻላል። በክብሪት ብርሃን ማየት ግን ፈጽሞ አይሞከርም።) ተጭነውት ወደ ታች ወርዶ ሳይመለስ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ከፊልትሮው በፊት ያለው መንገድ ተደፍኗል ብለው ይጠርጥሩ።

ናፍጣ ጨርሼ አየር ገባበት። ጋራዥ ሳልሄድ ማስነሳት እችላለሁ?

ይችላሉ። መጀመሪያ በቂ ናፍጣ ይጨምሩ፤ ሁለት ሊትር ጠብ አድርጎ መሞከር ባትሪ ይጨርሳል። ከዚያ የእጅ ፖምፓውን እስኪጠነክር ድረስ ይጫኑት። ባዶ ከሆነ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ መጫን ስለሚጠይቅ ተስፋ አይቁረጡ።

ቀጥሎ ሁለት ኖዝሎች ላይ ያለውን የቱቦ ማሰሪያ ግማሽ ዙር ያላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ 17 ቁጥር ቁልፍ ይገባዋል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ሞተሪኖውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያዙሩ፣ ያሳርፉት፣ እንደገና ያዙሩ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ ማሰሪያዎቹን ያጥብቁ። ሞተሩ መጀመሪያ እየተንገጫገጨ ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ይስተካከላል።

የላላው ቱቦ አጠገብ ጣት ወይም ፊት ማቅረብ አይገባም። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ የመርፌ ያህል ቢመስልም በፍጥነት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ቤንዚን በጨርቅ ነክሮ አየር መሳቢያው ላይ መያዝ የሚወዱ ሹፌሮች አሉ። ማሞቂያ ካንዴላው በጋለበት ሞተር ላይ ይህ እሳትና የተሰበረ ፒስተን መጥራት ነው።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ያስቸግረኛል። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው።

ሌሊቱን አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ተመልሶ ይሆናል። ማስረጃው ቀላል ነው፦ ጠዋት ቁልፉን ከመንካትዎ በፊት የእጅ ፖምፓውን ይጫኑ። በዚያ ቀን ያለ ችግር ከተነሳ ጥፋቱ የመሳቢያ መንገዱ ወይም የመመለሻው ነው። የእጅ ፖምፓው ለውጥ ካላመጣ ወደ ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይሂዱ።

አየሩ የሚገባበትን ለማግኘት ወደ ፖምፓው በሚገባው የጎማ ቱቦ ፈንታ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ያስገቡ። ሞተሩ እየሠራ አረፋ ካዩ ከፊልትሮው ወደ ኋላ እየሄዱ አንድ በአንድ ይፈትሹ። የምንጠረጥራቸው በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ የደረቁና የተሰነጣጠቁ የጎማ ቱቦ ጫፎች፤ የላላ ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት)፣ በተለይ በሽቦ የታሰረ ከሆነ፤ ፊልትሮ ሲቀየር የተጣመመ ወይም አሮጌው ሳይወጣ በላዩ የተደረበበት ጎሚኒ (ማሸጊያ ጎማ)፤ ከፊልትሮው ሥር ያለው የውሃ ማውጫ ቡሽ፤ በመጨረሻም የእጅ ፖምፓው ራሱ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የማይገምተው ነው። ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ አየር ያስገባል፤ ከውጭ ግን ምንም አይታይበትም።

ከኖዝል ኖዝል የሚያያይዙትን ቀጫጭን የመመለሻ ቱቦዎችም አይለፉ። ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም፤ ሲደርቁ ግን ያንኑ የጠዋት ችግር ያመጣሉ።

ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ግን ጉልበት አጥቶ ይጠፋል። ትንሽ ካረፈ ይነሳል።

ጥያቄው ራሱ ግማሽ መልስ ይዟል። ሞተር ቆሞ ሲሠራ የሚጠጣው ናፍጣ ትንሽ ነው፤ ግማሹ የተደፈነ መንገድም ያንን ያሳልፋል። ከድልድዩ እስከ ደጀን ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ጭነት ካለ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ነዳጅ ይጠይቃል፣ የጠበበው መንገድ ያንን መስጠት ያቅተዋል። ካረፈ በኋላ መነሳቱ ናፍጣው ቀስ እያለ ስለሚሞላ ነው።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ናፍጣውን ከሰልባትዮው ወደ ፖምፓው የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ምንም ያልታወቀ ትንሽ ጥበት ከፍ ባለው ጣርማ በር ተራራ ላይ መኪናውን ሊያቆም ይችላል።

ሲጠፋ መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ። «ሽው» ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ወዲያው ጉልበቱ ከተመለሰ፣ ክዳኑ መተንፈሻው ተደፍኗል። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ሰልባትዮ ደግሞ በየመንገዱ እናያለን፤ ውጤቱ ያው ነው፤ ናፍጣ ሲወጣ በቦታው አየር የሚገባበት የለም።

ክዳኑ ካልሆነ ፊልትሮ። መቼ እንደተቀየረ የማያስታውሱ ከሆነ ሳይከራከሩ ይቀይሩት። በእኛ የነዳጅ ሁኔታ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አይበዛም እንላለን።

ፊልትሮው አዲስ ሆኖም ችግሩ ከቀጠለ ሰልባትዮው ውስጥ ያለውን መሳቢያ ቱቦ ይጠርጥሩ። ጫፉ ላይ ወንፊት አለ፤ ዝቃጭ፣ ዝገት፣ አንዳንዴም የጀሪካን ማሸጊያ ላስቲክ ይለጠፍበታል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ቆሻሻው ይወድቃል፣ መኪናው ይነሳል፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሶ ይለጠፋል። የሚጠፋው ሁልጊዜ ነዳጁ ወደ ሩብ ሲወርድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፦ መሳቢያ ቱቦው መሐል ላይ በዝገት ተበስቶ ይሆናል። ናፍጣው ከቀዳዳው በታች ሲወርድ የሚስበው አየር ነው።

የጀሪካን ፈተና የሚባለው ምንድን ነው?

በእኛ እምነት ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ገንዘብ የሚያድን ፈተና ይህ ነው። ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ባለ፣ ከማርሚታ ቱቦውና ከቬንትሌተሩ (ከማራገቢያው) በራቀ ቦታ በደንብ ይታሰር። ከጀሪካኑ አዲስ የጎማ ቱቦ ወደ ፊልትሮው መግቢያ ይግባ፤ ዋናው መስመር ተነቅሎ ጫፉ ይደፈን። የመመለሻውም ቱቦ ወደ ጀሪካኑ ይዙር። ቱቦውን ለመሙላት የእጅ ፖምፓው ይበቃል፤ በአፍ መሳብ ልማድ ቢሆንም ናፍጣ ወደ ሳንባ ከገባ ነገሩ ከባድ ነው።

አሁን ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ይስጡት። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ ከፊልትሮው በስተኋላ ነው፦ የሻሲ ቱቦ፣ ሰልባትዮ፣ ክዳን። ካልጠፋ ቱቦውን ከፊልትሮው አልፈው በቀጥታ ፖምፓው መግቢያ ላይ ይሰኩ (ናፍጣው በደንብ የተጣራ ይሁን)። አሁን ከተስተካከለ ፊልትሮው ወይም የእጅ ፖምፓው ነው። አሁንም ካልተስተካከለ ስለ ፖምፓውና ስለ ኖዝሎቹ ማውራት ይቻላል፤ ከዚህ በፊት ግን አይደለም።

በቤንዚን መኪና ላይ ይህን አይሞክሩ።

ሞተሩ ሲግል ካጠፋሁት አይነሳም። ሲቀዘቅዝ ይነሳል።

ይህ ብዙ ጊዜ በእውነት የፖምፓ በሽታ ነው። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ውስጡ ያለቀ ፖምፓ ቀዝቃዛውን ናፍጣ እንደምንም ይገፋል፤ የቀጠነው ግን በተበላው ክፍተት ያመልጠዋል፣ ሞተሪኖው በሚያዞረው ዝቅተኛ ፍጥነትም በቂ ግፊት አይፈጥርም።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ጠፍቶ ባለበት በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይጠቅልሉ። ከዚያ ከተነሳ ምርመራው አልቋል። የጋለ ፖምፓ ላይ ውሃ በጆግ መድፋት ግን ብረቱን ባንዴ ስለሚያኮማትር ሊያጣብቀው ይችላል። እግረ መንገድዎን ባትሪውንና ሞተሪኖውንም ያስፈትሹ፤ ቀስ ብሎ የሚያዞር ሞተሪኖ ደህናውን ፖምፓ የታመመ ያስመስለዋል።

ናፍጣው ውሃ ወይም ላምባ እንዳለው በምን አውቃለሁ?

ውሃ ቀላሉ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለውን ቡሽ ላላ አድርገው የእጅ ፖምፓውን እየተጫኑ ጥቂት ናፍጣ ወደ ባዶ ሃይላንድ ይቀበሉና ያሳድሩት። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይቀመጣል። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ምልክት ያለው መብራት በርቶ ከሆነ መኪናው ይህንኑ እየነገረዎት ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አውጥተው ቡሹን መልሰው ያጥብቁ። በክረምት፣ ሰልባትዮው ጎደሎ ሆኖ ሲያድር፣ ከውስጥ ግድግዳው ላይ እርጥበት ጤዛ ሆኖ ይወርዳል። ማታ ሞልቶ ማሳደር ይህን ይቀንሰዋል፤ ወረፋው ከፈቀደ ነው እንግዲህ።

ላምባ ግን ከናፍጣ ጋር ስለሚዋሃድ አይለይም። ጉዳቱ ደግሞ የባሰ ነው። ይህ ፖምፓ የሞተር ዘይት አይደርሰውም፤ የሚያለሰልሰው የሚያልፍበት ናፍጣ ብቻ ነው። ላምባ ቀጭንና ደረቅ ስለሆነ ፖምፓውን ከውስጥ ይበላዋል፤ ባለቤቱም ከወራት በኋላ «ሲግል አይነሳም» እያለ ይመጣል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ግድ ሆኖ ከገዙ ቢያንስ በጥሩ ወንፊትና በጥጥ ጨርቅ አጥልለው ይቅዱ፤ ቆሻሻውን ይቀንሳል፣ ላምባውን ግን የሚያጠልል ጨርቅ የለም።

ጥቁር ጭስ የነዳጅ እጥረት ምልክት ነው?

አይደለም፤ ተቃራኒው ነው። ከአየሩ ይልቅ ናፍጣው በዝቷል። መጀመሪያ አየር ፊልትሮውን ይዩ፣ ከዚያ የሚያንጠባጥብ ኖዝል። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ የፖምፓው ቪት (የናፍጣ መጠን ማስተካከያ ብሎን) የተጠመዘዘበት መኪናም እንዲሁ ያጨሳል።

እየሄድኩ ድንገት ጠፋ። ምንም ምልክት አልነበረም።

ነዳጅ የሚያልቅበት ወይም የሚደፈንበት መኪና ከመጥፋቱ በፊት ይንገጫገጫል። ቁልፍ እንደዘጉበት ሁሉ ቀጥ ካለ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። አንደኛው የሶሌኖይዱ ሽቦ ነው። ሁለተኛው ፖምፓውን የሚያዞረው የታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ ቶዮታ በእነዚህ ሞተሮች ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር የሚያስታውስ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ አድርጓል። ሞተሪኖው ከወትሮው ቀልሎትና ፈጥኖ የሚያዞር ከሆነ ቺንጋው ተበጥሶ ይሆናልና ደጋግመው አያዙሩ፣ ገፍተውም አያስነሱ፤ ቫልቮቹን ፒስተኑ ይመታቸዋል።

አንዱ ሲሊንደር የማይሠራ ይመስላል። የትኛው እንደሆነ እንዴት ልለይ?

ሞተሩ ቆሞ እየሠራ የኖዝሎቹን ቱቦ ማሰሪያ አንድ በአንድ ላላ ያድርጉ፣ ወዲያው ያጥብቁ። ደህናው ሲላላ ሞተሩ ይብስ ይንቀጠቀጣል። የታመመው ሲላላ ምንም ለውጥ አይኖርም። ከዚያ ያንን ኖዝል ብቻ አውጥቶ ማስፈተሽ ነው። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ከላይ ስለ ግፊቱ ያልነው እዚህም ይሠራል።

የእኔ ቪጎ (ከድሮው በኋላ የመጣው ሃይሉክስ) ነው። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

የሰልባትዮው፣ የክዳኑ፣ የፊልትሮውና የውሃው ነገር አዎ። የኖዝል ቱቦ ማላላቱ ግን በፍጹም። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጡት የዲ-4ዲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ሞተር ያላቸው ሃይሉክሶች ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ያልፋል፤ ሰው ይገድላል። ለእነሱ መጀመሪያ በኮምፒውተር የሚያነብ ጋራዥ ያስፈልጋል።

በካርቡሬተር የሚሠራ የቤንዚን ፒካፕስ?

እሱ ሞተሩ ጎን የታሰረ፣ በጎማ ዲያፍራም የሚሠራ ትንሽ ቤንዚን ፖምፓ አለው። ዲያፍራሙ ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል፤ የዘይት መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ፣ ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አያስነሱ። እንደ አዋሽና ድሬዳዋ ባለ ሙቀት ደግሞ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ እየተነነ መንገድ ይዘጋል፤ ጥላ ሥር ማሳረፍና ቱቦውን ከሞተሩ ሙቀት ማራቅ መፍትሔው ነው።

ሰልባትዮዬ ተበስቷል። ማስበየድ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ወርዶ፣ ባዶ ሆኖ፣ ደጋግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ይህን ሥራ በሚያውቅ በያጅ ብቻ። ባዶ የሚመስል ሰልባትዮ ውስጥ የሚቀረው ትነት ይፈነዳል። ለመንገድ ግን ደረቅ ሳሙና ቀዳዳው ላይ መለጠፍ ለጥቂት ሰዓት ይይዛል፤ የድሮ ሹፌሮች ዘዴ ነው፣ ይሠራል።

ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ፊልትሮ ስገዛ ምን ልይ?

አሮጌውን ይዘው ይሂዱ። ጥርሱ፣ የጎሚኒው ስፋትና ቁመቱ ከአሮጌው ጋር ይመሳሰል። አስመስለው የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት ክብደታቸው ቀሎ፣ ጎሚኒያቸው ደርቆ፣ በውስጥ ያለው ወረቀት ሳስቶ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ አይነግርዎትም። ሲገጥሙ ጎሚኒውን ናፍጣ ቀብተው በእጅ ብቻ ያጥብቁ፣ ፊልትሮውን አስቀድመው በንጹሕ ናፍጣ ይሙሉ፣ ከሥሩ ያለችውን የውሃ መለኪያ ከአሮጌው ፈትተው ወደ አዲሱ ማዛወር አይርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ፊልትሮ ጋር ተጥላ ትቀራለች።